ከእድር፣ ከወረዳና ከሰፈር ሰው ጋር አብሮ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለትናንሽ አገር በቀል ድርጅቶች ነው። ትልልቆቹ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። ሦስት አራት ሠራተኛ ይዞ፣ ቢሮ ተከራይቶ፣ "ማህበረሰቡን እናሳትፋለን" ብሎ ለጋሽ ፊት ቃል የገባ ድርጅት ግን ማንን ይዞ እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። እዚህ ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው፦ ሰፈሩ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊትም የተደራጀ ነው። ልታደራጁት አልመጣችሁም።

ገና ተመዝግበን ሰርተፊኬት ወስደናል። አጋር ፍለጋ ከየት እንጀምር?

ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ጀምሩ። ብዙ ድርጅት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ፕሮፖዛሉ ይጻፋል፣ ገንዘቡ ይገኛል፣ ከዚያ "የማህበረሰብ ተሳትፎ" የምትለዋን መስመር ለመሙላት ሰው ይፈለጋል። ያኔ የምትጠሩት ሰው የሚወስነው ነገር የለም። የቀረለት ማጨብጨብ ብቻ ነው።

አንድ ሁለት ሳምንት በእግራችሁ ዙሩ። በሰፈሩ ስንት እድር አለ? የሴቶች እድር ለብቻው አለ ወይ? ሰንበቴ የሚጠጡት፣ ማህበር የሚያወጡት እነማን ናቸው? እቁቡን የሚሰበስበው ማነው? ትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ አለው፣ ጤና ጣቢያው የራሱ ሰዎች አሉት። ገጠር ከሆናችሁ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የሚሠሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳታናግሩ እንዳታልፉ። ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የትኛው ቤት ማን እንደተኛ፣ የትኛው ቤት ልጅ ከትምህርት እንደቀረ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወሎ ላይ ቅሬ ነው፣ ሐረር ላይ አፎቻ ነው። በሥራ መረዳዳቱም እንደ አገሩ ደቦ ይባላል፣ ወንፈል ይባላል፣ ጅጌ ይባላል። ከአዲስ አበባ ይዛችሁት የሄዳችሁትን ቅጽ ሌላ ቦታ ላይ እንዳለ አትሙሉት።

እድር እኮ ለቀብር ነው። ከልማት ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እድር የተመሠረተው ለቀብርና ለሐዘን ነው፣ እውነት ነው። ግን ያን ሥራ ለመሥራት የገነባውን ተመልከቱ። የአባላት መዝገብ አለው። በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። ዳኛ ወይም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ ይመርጣል። የመተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቀብር የቀረውን ይቀጣል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ አንዳንዱም አዳራሽ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባሉ በገዛ ገንዘቡ የሚያስተዳድረው ስለሆነ ያምነዋል። እናንተ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት ልትገነቡት የምታስቡት "የማህበረሰብ መዋቅር" ይኸው ነው፣ ቆሞ እየሠራ ነው።

ከቀብር ያለፈ ሥራ መሥራት እንደሚችልም ታይቷል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ እድሮች በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ ይቀብሩ ነበር። ሣጥኑ ባዶ ሆነ። ብዙ እድሮች ያኔ ነው ደንባቸውን አሻሽለው የታመመን መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ፣ ስለ በሽታው በስብሰባ ላይ በግልጽ መነጋገር የጀመሩት። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ እድሮች ተሰባስበው ህብረት መሥርተው የልማት ሥራ ውስጥ የገቡትም በዚያው ሰሞን ነው።

ይህን ስል እድር ሁሉ ለፕሮጀክት ዝግጁ ነው ማለቴ አይደለም። "እኛ የምንቀብረው ነው፣ ሌላ አታምጡብን" የሚልም አለ። መብቱ ነው።

እድሩን እንዴት እንቅረበው? ደብዳቤ እንላክ?

ደብዳቤው ይቆይ። መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። ከሠራተኞቻችሁ፣ ከቦርድ አባሎቻችሁ፣ ከጎረቤት ቢሆን የእድሩ አባል የሆነ አይጠፋም። እሱ ወይም እሷ ከሰብሳቢው ጋር ያገናኟችሁ። ሰብሳቢውን ቢሯችሁ አትጥሩ፤ ቤታቸው ወይም እሳቸው የሚመርጡት ቦታ ሂዱ። ጋሼ የሚባሉትን ጋሼ፣ እትዬ የሚባሉትን እትዬ በሉ። ሼሁን ሼህ፣ ቄሱን አባ በሉ። ወጣት ሠራተኛ ላፕቶፕ ከፍቶ "ስምዎትን፣ ዕድሜዎትን" እያለ ጥያቄ ሲጀምር ወሬው እዚያው ያበቃል።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ራሳችሁ አጭር ተናገሩ። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ፣ ገንዘቡ የማነው፣ ምን ያህል ጊዜ ትቆያላችሁ። እነዚህን አራቱን ሳትደባብቁ መልሱ። ሰዉ በልቡ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። በተለይ ሦስተኛውን። ከዚያ ስለ እነሱ ጠይቁ፣ ቀሪውን ሰዓት አዳምጡ። "እንዲህ እናደርግላችኋለን" የሚል ቃል ካፋችሁ አይውጣ።

ቀጥሎ በወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ ጥቂት ደቂቃ ለምኑ። ብዙውን ጊዜ እሁድ ነው። አጀንዳቸው እስኪያልቅ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። መዋጮ ስንት እንደገባ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ወንበር ስንት እንደተሰበረ ትሰማላችሁ። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ስለ ሰፈሩ የሚነግራችሁን ያህል የትኛውም የዳሰሳ ጥናት አይነግራችሁም። ባነር አትስቀሉ። ፎቶ አንሺ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ የወንዶቹን እድር አናግራችሁ የሴቶቹን ካለፋችሁ ግማሹን ሰፈር አላናገራችሁም። የቤት ውስጥ ችግር፣ የልጆች ጉዳይ፣ የንጹህ ውኃ ጉዳይ የሚወራው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ እድር ውስጥ የሌለውን ሰው ፈልጉ። ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለ፣ ትናንት ተከራይቶ የገባ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ጎዳና ላይ ያለ። እነዚህ መዝገቡ ላይ የሉም። ድርጅታችሁ የተቋቋመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእነሱ ነው። እድሩ በር ይከፍትላችኋል፣ ግን እድሩ ብቻውን ሰፈሩ አይደለም።

ሰዉ የጠየቀን ነገር እኛ ካቀድነው ጋር አይገናኝም። ምን እናድርግ?

የከምባታን ታሪክ ልንገራችሁ። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ከፍቅርቴ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ኬኤምጂ የተባለውን አገር በቀል ድርጅት ስትመሠርት ሐሳቧ የሴቶችና የልጃገረዶችን ሕይወት መለወጥ ነበር። ግርዛት፣ ጠለፋ፣ ኤች አይ ቪ። ተወልዳ ያደገችበት አገር ነው፣ ቋንቋው ቋንቋዋ ነው፣ ግርዛቱም በራሷ ላይ ደርሷል። ባዳ አልነበረችም። እንዲያም ሆኖ ስለ ኤች አይ ቪ በአደባባይ ስትናገር ሰዉ መጀመሪያ እንዲያምናት የሚያስፈልግ ነገር እንዳለ ገባት። ሰፈሩ የሚፈልገው ድልድይ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ። ለድልድዩ የሚሆነውን ዕቃ አቀረበች። ድልድዩ ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። ሽማግሌውም፣ ወጣቱም፣ ሴቱም የተቀመጠበት የማህበረሰብ ውይይት ተጀመረ፣ ወራትና ዓመታት ቀጠለ። ውሳኔውን ያሳለፈው ሕዝቡ ነው፣ እድሮችም የራሳቸው ደንብ አድርገው ያዙት። ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ፣ በብዙ ሕዝብ ፊት ተዳሩ። ቦጋለች በ2013 እ.ኤ.አ. የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን የልማት ሽልማት የተቀበለችው ለዚህ ሥራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አርፋለች።

ድልድይ በበጀታችሁ ውስጥ የለም፣ አውቃለሁ። የእናንተ ሰፈር ድልድይ ግን ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። የተደፈነ ቱቦ መክፈት፣ ለትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር መግጠም፣ ወረዳው ጋ ለወራት የተጉላላ ማመልከቻ ይዞ አብሮ መሄድ። ለጋሻችሁ ጋ ሄዳችሁም ተከራከሩ። "የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰፈሩ የሚመርጠው ሥራ" የሚል ትንሽ የበጀት መስመር ብትጠይቁ የሚፈቅድ ለጋሽ አለ። ካልጠየቃችሁ ማንም አይሰጣችሁም።

አንዳንዴ ደግሞ የተጠየቃችሁት ነገር በፍጹም ከአቅማችሁ በላይ ይሆናል። አስፋልት፣ ኮንዶሚኒየም። ያኔ "አንችልም" በሉ። "እናያለን" አትበሉ። "እናያለን" ተብሎ የቀረ ነገር ከሚቀጥለው ፕሮጀክት ጋር አብሮ ይነሳባችኋል።

ከሕጉ አንጻር ምን ማወቅ አለብን?

ዋናው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የ2001ዱን አዋጅ ቁጥር 621 ሽሮ የመጣ ነው። በድሮው ሕግ ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። አዲሱ ያን ገደብ አንስቷል። ለአጋርነት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሴቶች ማህበርና ከእድር ጋር ስለ ጥቃት ወይም ስለ አካል ጉዳተኞች መብት መሥራት የምትችሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላ ነገር፣ አዋጁ እድርን፣ እቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። እድር እናንተ በተመዘገባችሁበት የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አይጠበቅበትም። ብዙዎቹ ግን በየአካባቢያቸው አስተዳደር ይታወቃሉ፣ ማህተምና ደንብ አላቸው። ደንቡን ለምናችሁ አንብቡት። ሕግና መመሪያ ይሻሻላልና ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባለሥልጣኑ ጋ ደውላችሁ ያለበትን ሁኔታ አረጋግጡ።

ወረዳውን ሳናሳውቅ መጀመር እንችላለን?

ብትችሉም አትጀምሩ። ክልል ላይ ከሆናችሁ ከሚመለከተው የዘርፍ ቢሮ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከፋይናንስ ቢሮም ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ትፈራረማላችሁ። አዲስ አበባ ላይም በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው የሚያውቃችሁ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል። ጤና ከሆነ ጤና፣ ትምህርት ከሆነ ትምህርት፣ ሴቶችና ሕፃናት ከሆነ እነሱ።

የሚረሳው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። የለጋሻችሁ ዓመት ደግሞ ምናልባት በፈረንጅ ጥር ይጀምራል። ወረዳው የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚሠራው ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። ያኔ ገብታችሁ ሥራችሁ ዕቅዳቸው ውስጥ ከገባ ባለሙያ ይመደብላችኋል። ኅዳር ላይ ሄዳችሁ "አብረን እንሥራ" ብትሉ ደስ ይላቸዋል፣ ሰው ግን የላቸውም። ሰኔ ላይ ማንንም አታገኙም፣ ሁሉም ሪፖርት ላይ ነው። ገጠር ላይ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ስብሰባ ብትጠሩ የሚመጣው ሥራ የሌለው ብቻ ነው።

ሌላው፣ ኃላፊ ይቀያየራል። ዛሬ የተግባባችሁት ኃላፊ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከኃላፊው ጋር ብቻ ሳይሆን ከባለሙያው ጋር ተዋወቁ። ባለሙያው ይቆያል። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ አስገቡና ገቢ አስመዝግቡ። አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ የሚያነበው ፋይሉን ነው።

የመግባቢያ ሰነድ ግዴታ ነው?

ለወረዳው አዎ፣ ያስፈልጋል። ለእድር አንዳንዴ ሁለት ገጽ ይበቃል፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ። በእንግሊዝኛ ጽፎ እድር ማስፈረም ነውር ነው እላለሁ። ማን ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው፣ የተገዛው ዕቃ መጨረሻ ላይ የማን ይሆናል፣ ብንጣላ ማን ይሸመግለናል። የመጨረሻዋን አትዝለሉ። የሽማግሌዎቹን ስም በሰላሙ ጊዜ ጻፉ። ከተጣላችሁ በኋላ ሽማግሌ መምረጥ ራሱ ሌላ ጠብ ነው።

"አበል ከሌለ አንመጣም" ሲሉንስ?

በጣም የሚያስቸግረው ጥያቄ ይህ ነው። መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመን። ሰዉን ስብሰባ በአበል ያስለመድነው እኛው፣ ድርጅቶቹ ነን። ሆቴል ጠርተን፣ ፖስታ አድለን፣ ፊርማ ሰብስበን ዓመታት አሳለፍን። አሁን በነፃ ኑ ስንል ሰዉ ቢገረም አይፈረድበትም።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሰው በእናንተ ጉዳይ ከመጣ ክፈሉት። ለለጋሻችሁ ሪፖርት የሚሆን መጠይቅ ለመሙላት ግማሽ ቀን የዋለች ጉሊት ቸርቻሪ የዕለት ገቢዋን አጥታለች። ያን መተካት ተገቢ ነው። የትራንስፖርት ወጪም ትክክለኛውን ስጡ። ሰዉ በራሱ ጉዳይ ሲሰበሰብ ግን፣ ለምሳሌ የትኛው ቤት ይጠገን ብሎ ሲወስን፣ አበል አትክፈሉ። ስብሰባውን እሱ ካለበት ውሰዱት። ከእድር ስብሰባ በኋላ፣ ከሰንበቴ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ። ቡናና ቆሎ አቅርቡ። ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ ከሆነ የጾም ምግብ ይሁን፣ ረመዳን ከሆነ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ዓርብ ጁምዓ ላይ ስብሰባ አትጥሩ። ለመንግሥት ሠራተኞች መንግሥት ያወጣው የአበል ተመን አለ፣ ከዚያ አትውጡ።

አንድ ድርጅት ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም። እናንተ በነፃ፣ ጎረቤታችሁ ድርጅት በ500 ብር ከጠራ አዳራሻችሁ ባዶ ነው። በዚያው ወረዳ ከሚሠሩት ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ዓይነት አሠራር ተስማሙ። ወረዳውም ይደግፋችኋል፣ እሱም ተቸግሯል።

ገንዘቡን ለእድሩ በቀጥታ መስጠት ይቻላል? ያ 20 በመቶ የሚባለውስ?

ከአጋር ጋር መሥራት ማለት ገንዘብ ላይም መወሰን መጋራት ነው። እድሩ ሰው ሰብስቦ፣ ዕቃ አከፋፍሎ፣ ገንዘቡን ግን እናንተ ብቻ የምትነኩት ከሆነ አጋር አይደለም፣ ነፃ ጉልበት ነው።

በተግባር፣ ትንሽ ጀምሩ። ከእድሩ ዋና ሣጥን ጋር የማይቀላቀል ሌላ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። የሣጥኑ ገንዘብ የአባላት የቀብር ገንዘብ ነው፣ ከፕሮጀክት ጋር ከተደባለቀ አንድ ቀን ቀብር ሲመጣ ጠብ ይመጣል። ፈራሚ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዷ ከሴቶቹ እድር ብትሆን ጥሩ ነው። በየሩብ ዓመቱ የገባውና የወጣው በእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የናንተም ይነበብ። እድሩ የእናንተን በጀት ሳያይ እናንተ የእሱን መዝገብ ካያችሁ ሰዉ ዝም ይላል እንጂ ያስተውላል። ሂሳቡን ለማወራረድ የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ ደግሞ ከኦዲተራችሁ ጋር ቀድማችሁ ተማከሩ፦ ደረሰኝ የማይቆርጥ ገበሬ ላይ የተገዛ እንጨት በምን ሰነድ ይወራረዳል? ይህ ጥያቄ ዓመቱ ሲያልቅ ከመጣ ራስ ምታት ነው።

20 በመቶው እንዲህ ነው። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የጽሕፈት ዕቃና የመሳሰለው እዚህ ይገባል። በድሮው አሠራር 70/30 ይባል ነበር (70 በመቶ ለፕሮግራም፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር)፣ ብዙ የፕሮግራም ሥራ ወጪም እንደ አስተዳደር እየተቆጠረ ድርጅቶችን አስመርሯል። አሁን ከዓላማው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪ የፕሮግራም ወጪ ነው። ከሰፈር ጋር ግንኙነት የምትሠራዋን ባለሙያ ደመወዝ በየትኛው ሥር እንደምታስገቡት የሥራ መዘርዝሯ ይወስነዋልና መዘርዝሩን በደንብ ጻፉት።

ተረጂ ሲመረጥ ሰፈሩ ተጣላብን።

ይጣላል። የሚሰጠው ነገር ለ40 ቤት፣ የሚፈልገው 300 ቤት ከሆነ ሳይጣላ አይቀርም። ጠቡን ለመቀነስ የምትችሉት መስፈርቱን ከስሞቹ በፊት በማውጣት ነው። በአንድ ቀን መስፈርቱን ተወያዩበት፣ ወስኑ፣ ጻፉ። በሌላ ቀን ስም ይጠራ። ሁለቱ አንድ ቀን ከሆነ ሁሉም መስፈርቱን በዘመዱ ልክ ይሰፋዋል።

መራጩ ኮሚቴ ውስጥ እድርም፣ ወረዳም፣ ሴቶችም፣ እድር ውስጥ የሌለ ሰውም ይኑር። ሲጨርሱ ዝርዝሩ ወረዳው ሰሌዳ ላይና እድሩ አዳራሽ በር ላይ ይለጠፍ። ሕመምን ወይም ጥቃትን የሚመለከት ፕሮጀክት ከሆነ ግን በፍጹም አትለጥፉ፣ ስሙ ራሱ ገመና ነው። ቅሬታ ያለው እስከ መቼ፣ ለማን እንደሚያቀርብ ይነገረው። ቅሬታ ሰሚው ከመረጠው ኮሚቴ ውጪ ይሁን። አንድ ሁለት ስም በቅሬታ ቢቀየር አትደንግጡ። እንዲያውም ሰዉ ቀሪውን ዝርዝር የሚቀበለው ያኔ ነው።

አንድ የተለመደ ፈተና አለ። ሰብሳቢው "እንግዲህ የኔንም ልጅ አስቡበት" ይላሉ። ፊት ለፊት አታሳፍሩ። "ጋሼ፣ መስፈርቱን እርስዎ ራስዎ ናቸው ያጸደቁት፣ ኮሚቴው ይየው" በሉ።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጋስ?

ሁለቱም ጋ ሂዱ፣ አንዱ ጋ ብቻ ሄዳችሁ አትምጡ። የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቱን፣ የመስጊዱን ኮሚቴ፣ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ካሉም መሪዎቻቸውን አናግሩ። መልእክታችሁ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ በኋላ በአንድ ሰው አንደበት ቢነገር ከመቶ ብሮሹር ይበልጣል። ዕርዳታችሁ ግን በሃይማኖት እንደማይለይ ከመጀመሪያው ቀን አፍታችሁ ተናገሩ።

እዚያው ሰፈር ሌላ ድርጅት አገኘን።

ደስ ይበላችሁ፣ ከዚያ ዝርዝር ተለዋወጡ። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ብርድ ልብስ፣ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ሲቀር አይተናል። የግል መረጃ ስለሆነ የሰዎቹን ፈቃድ ጠይቁ። በዘርፋችሁ ህብረት ካለ ግቡ። በአዋጁ መሠረት የተቋቋመ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤትም አለ።

ሱቆች፣ ፋብሪካዎች፣ ባንኮች ሊያግዙን ይችላሉ?

ይችላሉ፣ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጀምሩ። የዳቦ ቤት ባለቤት የሰፈሩ እድር አባል ነው። ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ይፈቀድላቸው። ነገር ግን ተረጂ ከነዘይቱ ባነር ፊት ቆሞ የሚነሳበት ፎቶ አይሁን። ፎቶ ከማንም ሰው፣ ከልጅ ደግሞ ከወላጁ ፈቃድ ውጪ አታንሱ፣ "እምቢ ብል ዕርዳታው ይቀርብኛል" ብሎ የሚፈራ ሰው የሰጠውን ፈቃድም እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

ውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች መርዳት ይፈልጋሉ። እንዴት እናስገባቸው?

ጥሩ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው ወገን እዚያም እድር አለው፣ አሠራሩን ያውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ውጭ ያለው ሰው የሚያስታውሰው የሄደበትን ቀን ሰፈር ነው። "የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሠራለት" ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ውኃ ነው የሌለው። እንዲህ ያለውን ልዩነት እናንተ አትከራከሩበት። የትምህርት ቤቱን ኮሚቴ በቪዲዮ ስልክ አገናኟቸው፣ እነሱው ይነጋገሩ። ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ፣ በባንክ፣ በድርጅቱ ስም ይግባ። በአንድ ሰው የግል ሒሳብ የገባ የሰፈር ገንዘብ ሰውየው ንጹህ ቢሆንም ስሙን ያጠፋዋል።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

"ፌዝ አውት" የሚባለው ነገር፣ ማለትም ሥራውን አስረክቦ መውጣት፣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻው ሩብ ዓመት ነው። ዘግይቷል። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምራችሁ የምታበቁበትን ወር ተናገሩ፣ በየስድስት ወሩም ድገሙት።

ሁሉም ነገር ይቀጥል አትበሉ። እድሩ ምን ሊሸከም እንደሚችል እሱ ይምረጥ። የልጆች ማስጠኛውን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሊቀጥሉት ይችላሉ፣ ደመወዝ የሚጠይቀውን ነርስ ግን አይችሉም። ነርሷን ጤና ጣቢያው እንዲረከብ ካሰባችሁ ንግግሩ የሚጀመረው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲታቀድ ነው፣ ማለትም ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ። ወንበሩ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የልብስ ስፌት መኪናው በስምምነቱ መሠረት በዝርዝር፣ በቁጥርና በፊርማ ይረከብ። ሕጉ ስለ ንብረት ማስተላለፍ የሚጠይቀውን ሰነድ ከባለሥልጣኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ስታዘጋጁም አንድ ቅጂ በአማርኛ አጭር አድርጋችሁ ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ፣ እሁድ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ጥያቄ ይኖራልና አንዳችሁ ተገኙ።